ሁለት ጊዜ የደረስንበት ግድግዳ

ልጄ፥

ከገና ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፈልሽ ኩርፈኛው አባትሽ ነኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትንሹን ልጅሽን ሳሉ ለቀቀው ወይ? የቢልባኦ ዝናብ ለሕፃን ደረት አይሆንም ብዬሽ ነበር፤ ግን የማን ልጅ ሆነሽ ትሰሚያለሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደኅና ነው፣ ሆዴ ደኅና ነው፣ የጥርስ ሐኪሙም አመስግኖ ሸኝቶኛል። የቀረውን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

በገና ማዕድ ላይ፣ አባባ ሥራህን ተውና እኛ ዘንድ ና፣ ሐኪምም ይይህ ስትዪኝ ምን እንደመለስኩልሽ አስታውሳለሁ። በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው ወይ ብዬ ሳህኔን ገፍቼ ተነሣሁ። ትንሹን ሦስት ጊዜ በአጎትሽ ስም ስለጠራሁት ይህ ሁሉ ወሬ ምንድነው፣ ስም ማንም ይሳሳታል አልኩሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቶሌዶን ያስጎበኘሁ ሰው መንገድ የጠፋኝ ቀን የአስጎብኚነት ፈቃዴን በገዛ እጄ እመልሳለሁ ብዬም ፎከርኩ። ባልሽም ሰምቷል፤ ልክደው አልችልም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሳላማንካ ገጠር ሃያ አራት ጡረተኞች መጡልኝ። መሪያቸው ወይዘሮ ካሲልዳ የሚባሉ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። ኤቬንሲዮ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ደግሞ አብሯቸው አለ፤ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አደልኳቸው፣ ማይኬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ ጉዞ ጀመርን። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ማይኩ ከበራ ሹክ ብል እንኳ መቶ ሜትር ርቆ የቆመ እንግዳ ይሰማኛል። የግል ወሬ ሲመጣ አጠፋዋለሁ።

ጠዋቱን ጥሩ አሳለፍን። ከዚያ ወደ ካቴድራሉ በጀርባ በኩል ላስገባቸው አሰብኩ፤ እናትሽ ትወደው በነበረው በዚያ ጠባብ መንገድ። ታጠፍኩ፣ ደግሜ ታጠፍኩ፣ ግድግዳ ፊቴ ተገተረ። በር የለው፣ መስኮት የለው። ልጄ፥ እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ግድግዳ አላውቅም። ሃያ አራት ሰው ከኋላዬ ቆሞ አፍ አፌን ያያል። ምን ላድርግ? ታሪክ ፈጠርኩለት። ከዚህ ጀርባ አንዲት መነኩሲት ነበረች፣ የድሮ ወዳጇ ሲዘፍንላት እንዳትሰማ መስኮቷን በገዛ እጇ በድንጋይ ደፈነችው አልኳቸው። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ፤ አንዷ እንዲያውም ፎቶ አነሳች። እውነቱን ልንገርሽ፣ በራሴ ኮራሁ።

ተመለስን። በሌላ በኩል ወሰድኳቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ግድግዳ። ኤቬንሲዮ፣ መነኩሲቷ ሁለተኛ መስኮት ነበራት እንዴ ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጀርባዬን ግን ላብ አጥምቆታል። እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? መንገዶቹን አውቃቸዋለሁ። እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። የትኛው ወደየት እንደሚወስድ ነው የጠፋኝ። ወደ ላይ ብወጣ ይሁን ወደ ታች ብወርድ፣ አሁን የመጣሁት ከየት እንደሆነ፣ ምንም።

ወረድ እንዳልን የወዳጄን የሳቱሪዮን የሰይፍ ሱቅ አየሁና ነፍሴ መለስ አለች። እንግዶቼን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ውሃ ጠጡ ብዬ፣ የማይኬን ቁልፍ ተጫንኩና ገባሁ።

“ሳቱሪዮ፥ እንዳትስቅብኝ። ካቴድራሉ በየት በኩል ነው?” አልኩት።

ሳቀብኝ። “አንተ ሰውዬ፥ ገና ከምሳ በፊት ቀማመስክ እንዴ?”

“አልቀመስኩም። የት እንዳለሁ አላውቅም። ፈርቻለሁ።”

የሚወለውለውን ሰይፍ አስቀመጠ። መንገዱን በእጁ እያሳየ ነገረኝ፤ ደገመልኝ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ እኔኑ አስደገመኝ። ለልጄ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት። ካወቀች ትወስደኛለች፣ እዚያ ደግሞ የማውቀው አንድ ጥግ እንኳ የለኝም አልኩት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አባትሽን አልቅሶ አይተሽው አታውቂም፣ ሳቱሪዮም አይቶት አያውቅም።

ከሱቁ ስወጣ ሰዎቼ ተለውጠው ጠበቁኝ። ማንም አይስቅም። ጠዋቱን ሙሉ ዳገቱን እንደ ፍየል ሲወጡት የነበሩት ወይዘሮ ካሲልዳ፣ ድንጋዩ ያንሸራትተኛል ብለው ክንዴን ያዙ። ኤቬንሲዮ ከፊት ከፊት እየሄደ በየግድግዳው የተለጠፈውን የመንገድ ስም ጮክ ብሎ ያነባል። “ዶን ኤላዲዮ፥ እዚህ ጋ ወደ ቀኝ ነው ያሉን አይደል?” ይለኛል። እኔ እንዲህ ያልኩት ነገር የለም። ግን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ካቴድራሉ ቁጭ ብሏል።

ምሳ ላይ ባሰባቸው። ለሽንት ስነሣ አንዱ አዛውንት እኔም መጣሁ ብሎ ይነሣል፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዷ ሴትዮ ሳልጠይቃት ዳቦ ትቆርስልኛለች። ግራ ገባኝ። እየቀለዱብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ቀልድ እንዳልል ደግሞ ያ ቀልደኛው ኤቬንሲዮ እንኳ ፊቱ ኮስተር ብሏል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ያቺ ፎቶ ያነሳችው ሴት የመነኩሲቷን ታሪክ አንዴ ይድገሙልን አለችኝ። ደገምኩላቸው። መጀመሪያ የነገርኳቸውን በትክክል አላስታወስኩትም፤ በዚህኛው ዙር መነኩሲቷ መስኮቷን እንድትከፍት አደረግኋት። ማንም አላረመኝም።

አውቶቡሱ ጋ ማዳመጫዎቹን ስሰበስብ ሃያ ሦስት ሆኑ። የመጨረሻው ወይዘሮ ካሲልዳ እጅ ነው። ሊሰጡኝ ዘርግተው አንገቴ ላይ ወዳለው ማይክ በዓይናቸው አመለከቱኝ። ከሳቱሪዮ ሱቅ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ መልሼ ማብራቱንም ረስቼዋለሁ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። ለካ እዚያ ስገባ ተጫንኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ሁሉንም ሰምተውታል፣ ሃያ አራቱም። ፈርቻለሁ ያልኩትን፣ ለልጄ እንዳትነግራት ያልኩትን፣ ልቅሶዬንም ጭምር።

ወይዘሮ ካሲልዳ ሌሎቹን አውቶቡሱ ላይ አስወጥተው እሳቸው ከታች ቆዩ። “ባሌ መጀመሪያ መንገድ የጠፋው ከመኝታ ቤታችን ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ነው። እርስዎ ገና በከተማ ደረጃ ነው የጠፉት፤ ተመስገን ይበሉ” አሉኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ እጄን ያዙኝና፣ “እኔ ለልጆቼ ሦስት ዓመት ደበቅኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሲሰሙና ሲመጡ የሚያውቃቸው አባት አልጠበቃቸውም። ዛሬውኑ ይጻፉላት” አሉኝ።

ዛሬውኑ ነው ያሉኝ፤ ይኸው አምስተኛ ቀኔ ነው። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። እስካሁን የተምታታብኝ ነገር አለ፤ አፍሬ ነው ወይስ ሸክም ወርዶልኝ፣ አላውቅም። ትናንት ፈቃዴን መለስኩ። ቢሮ ያለችው ልጅ ገና ሁለት ዓመት ያገለግላል እኮ አለችኝ፤ ወረቀቱ ያገለግላል አልኳት። ሳቱሪዮ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ሄደ። ለምን አብሮኝ እንደሄደ አትጠይቂኝ።

ስለ ሐኪሙ ያልሽውን እሺ ብያለሁ። ስለ ቢልባኦ ገና አልወሰንኩም፤ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን። በገና ስለተናገርኩሽ ክፉ ቃል ግን ይቅር በዪኝ፤ ልጄ፥ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የካቴድራላችን የሳግራሪዮዋ እመቤታችን አንቺንም ባልሽንም ትጠብቅልኝ፤ ትንሹንም ታሳድግልኝ፤ ሳሉንም ታርቅለት። ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

በመጪው ዓርብ ባቡር እንደምትመጪ ለሳቱሪዮ መንገርሽን ሰምቻለሁ፤ እሱም የእኔን ጉድ ሳይነግርሽ አልቀረም፣ ምላሱ መሐላ አይችልም። ለትምህርት ከወጣሽ ጀምሮ አንድም ቀን ጣቢያ ወርጄ ሳልቀበልሽ ቀርቼ አላውቅም፤ እናትሽ በሞተች ሳምንት እንኳ መጥቻለሁ። በዚህ ዓርብ ግን ከባቡሩ ስትወርጂ በዓይንሽ አትፈልጊኝ። ዳገቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ደጃፋችን ላይ ወንበር አውጥቼ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ አልንቀሳቀስም።

አባትሽ