ስብሰባችንን በባሎቻችን ላስጠበቁልን አዛዥ

ለተከበሩ የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘንድሮው ሙቀት ቢሮዎን እንዳልደፈረ፣ ማራገቢያዎም ያለማቋረጥ እየዞረ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ይቀናናል፤ ዛሬ ግን ንዴቴ ከአፌ እንዳያመልጥ «እርስዎ» በሚለው አስሬዋለሁ።

ራሕማ ተማም እባላለሁ። ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በእርስዎ ሥር የሚሠራ ፖሊስ ሚስትም ነኝ። እንደኔው ፖሊስ ካገቡ ሴቶች ጋር ሆነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐዩ በረድ ሲል በወይዘሮ ጥሩሰው ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር የምንደጋገፍበት ማኅበር ጀምረናል። ባል ግዳጅ ወጥቶ ስልኩ ሲዘጋ አብሮን የሚጨነቅ፣ የሥራውን ንዴት ይዞ ቤት ሲገባም የሚያማክረን ሰው ስለቸገረን ነው። እርስዎ ለዚህ ማኅበር ስላደረጉት ውለታ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልናሳውቅዎ ቢሮዎ በመጣን ጊዜ ምንም እንደማያስፈልገን ስላስረዱን እናመሰግናለን። ለሐዘን የሚደርስ አፎቻም እድርም አላችሁ፣ አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከጎናችሁ ይቆማል ብለውናል። እውነት ነው፤ ባሎቻችን ሲሞቱ ድንኳን የሚተክልልን አላጣንም። ያጣነው እነሱ በሕይወት እያሉ የሚያዳምጠን ሰው ነው። ለካ ጆሮዎን ለማግኘት መጀመሪያ ባል መቅበር ነበረብን!

ሁለተኛ፣ የፖሊስ ቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለው ስለመከሩን። ሚስት መሆናችንን እንጂ የመንግሥት ምሥጢር መሆናችንን አናውቅም ነበር።

ሦስተኛው ውለታዎ ከሁሉም ይበልጣል። ስብሰባው ያለ ጠባቂ አይካሄድም ብለው በየሳምንቱ አንድ ፖሊስ መደቡልን፤ የመደቡት ግን የእኛኑ ባሎች ነው፣ በየተራ። እንግዳ ፀሐይ ላይ ማቆም ነውር ስለሆነብን ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥተን ከጥላው ሥር አስቀመጥናቸው። በየቅዳሜው ባሏ የተመደበባት ሴት አፏን ትዘጋለች፤ ሌሎቻችንም ስለ ሙቀቱና ስለ ሰው ሰርግ አውርተን እንበተናለን።

ከመካከላችን ሃሊሞ የምትባል ልጅ አለች። ባሏ ሮብሌ ይደበድባታል። ልታመለክት ጣቢያዎ መጥታ ነበር፤ ቃሏን ሊቀበል የተቀመጠው የባሏ ጓደኛ ግን እየሳቀ ወደ ቤቷ መለሳት። የተሰበረ እጇን በሻርፕ ሸፍና ወደ እኛ የመጣችው ሌላ በር ስላጣች ነው። ልትናገር ቆርጣ በመጣችበት ቅዳሜ የመደቡልን ጠባቂ ሮብሌ ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት በተረት ነበር የምንሰማው፤ ጅቡ የደንብ ልብስ ለብሶ አደራውን ሲረከብ ያየነው ግን በእርስዎ ዘመን ነው። ሃሊሞ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ሲመሽ ሮብሌ ራሱ በባጃጅ ይዟት ሄደ፤ በማግስቱ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ አልገለጥ ብሎ አገኘናት።

እባክዎ ስህተት ነው እንዳይሉን። ማን የማን ባል እንደሆነ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል። እርስዎ የፈሩት ጠላትን አይደለም፤ የፈሩት እኛ የምንናገረውን ነው።

ሃሊሞ አሁን እኔ ቤት ናት። ትናንት አጅበናት ሌላ ጣቢያ ሄደን ቃሏን ሰጥታለች። ማኅበሩም ይቀጥላል፤ ጠባቂዎን ግን ያንሱልን።

ስለ በራችን ያሳዩት ትጋት ስለ አጥንታችንም እንዲያድርብዎ እየለመንኩ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ለማዕረግዎ ብቻ አቀርባለሁ።

ራሕማ ተማም

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዊዳድ የሃሊሞን ነገር ሰምተው በዚህ ሳምንት ማኅበራችንን ተቀላቅለዋል። ትናንት ሃሊሞ ቃሏን ስትሰጥ እጇን ይዘው የተቀመጡትም እርሳቸው ናቸው። በመጪው ቅዳሜ የመናገሩ ተራ የእርሳቸው ስለሆነ፣ ለጥበቃው ማንን ሊመድቡ እንዳሰቡ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን።