አንዴ ብቻ የተጠየቅሁ ቀን

ውድ ልጄ ቲያሚኬ፣

ትናንት ስደውልልሽ «ለዕረፍት እኔ ዘንድ ወደ ንኮታኮታ ነይ፣ ከወደድሽም እዚሁ ቅሪ» አልኩሽ። አንቺም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አይ ትልቋ እማ፣ ላስቸግርሽ አልፈልግም» አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ዓሣ ማድረቂያው ቆጥ ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

እንዲህ ብለሽ እንድትመልሺ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ጎረቤት የተቀቀለ ለውዝ ሲሰጥሽ ዓይንሽ ለውዙ ላይ ተተክሎ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ትዪ ነበር። ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው እሺ። እናትሽ ኔሊያ «እህቴ፣ ልጄን በረሃብ ልትፈጂያት ነው እንዴ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ልጃችን ስግብግብ ከምትባል ትራብ ባይ ነበርኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አባትሽ ቀድሞ ሞቷል፤ ኔሊያም ስታርፍ አንቺን ማን ያሳድግ የሚለው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የቀረብን ዕለት ሁሉም ነገር ወደ እኔ ያዘነበለ ነበር። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቤቴ መጥታ የምትተኚበትን አይታ፣ አስተማሪሽን አነጋግራ፣ «ልጅቷ ከእናቷ ታላቅ እህት ጋር ብትኖር ይሻላል» ብላ ጽፋለች። አጎትሽ ቢሴንቲ እንኳ መንገድ ላይ «እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ስትግደረደሪ እንዳታመሺብን» ብሎ ቀልዶብኛል።

ዳኛዋ ገና ወጣት ናቸው። «ወይዘሮ ኤስናርት፣ የቲያሚኬ ሞግዚት ለመሆን ፈቃደኛ ነዎት?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ክብርት ዳኛ! የማልረባ ሴት ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ይፈለግላት» አልኩ።

ይህን ያልኩት እንድለመን ነው። ቸኩዬ «ስጡኝ» ብል የእህቷን ቤት ፈልጋ ነው ይሉኛል ብዬ ነው። ቢሴንቲ ሊለምነኝ ብድግ ሲል ሥርዓት አስከባሪው «ሳይጠየቁ መናገር ክልክል ነው፣ ይቀመጡ!» አለው። ዳኛዋ ያልኩትን ጻፉ። ቀና ብለውም «ሌላ ፈቃደኛ ዘመድ አለ?» አሉ።

የአባትሽ ወንድም ማክፎርድ «አለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ብላንታየር ቤት አለኝ፣ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከተማ ያደገ ሰው ሲጠይቁት ይመልሳል፣ በቃ።

ከዚያ አንቺን ጠየቁሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። «አንቺስ፣ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ወደ እኔ አላየሽም። የቀሚስሽን ጫፍ እየጠቀለልሽ «ከሚፈልገኝ ሰው ጋር» አልሽ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። እጄን አንስቼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፈርኩና መለስኩት። ዳኛዋም አንቺን ለማክፎርድ ሰጡ። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ይሉሃል እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ይግባኝ ልል ብሄድ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ «እማማ፣ ቀኑ አልፏል እኮ። ደግሞ አቅም የለኝም ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ይኸው ተጽፏል። አሁን መዝገቡ የሚከፈተው ልጅቷ ራሷ ከጠየቀች ነው» አለኝ። ማክፎርድም «እሷ ካለች እኔ አልከለክልም» ብሏል።

እነሆ አሥራ አንድ ዓመት ሞላሽ። የትናንቱ «አይ» የእውነትሽ ይሁን መግደርደር አላውቅም። ያስተማርኩሽ እኔ ራሴ፣ መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ ለእኔ ያልተደረገልኝን ላንቺ አደርጋለሁ። የትናንቱ ስልክ አንድ ነው። ይህ ደብዳቤ ሁለት። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣና ማክፎርድ በር ላይ ቆሜ ሦስተኛውን እጠይቅሻለሁ። ያኔም እምቢ ካልሽ የእውነትሽ ነው ማለት ነው። አልቆጣሽም፤ የምትወጂውን ደረቅ ዓሣ ሰጥቼሽ እመለሳለሁ።

እኔ ግን አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይለምነኝ ልንገርሽ፦ እፈልግሻለሁ። ያን ቀንም እፈልግሽ ነበር።

ትልቋ እናትሽ
ኤስናርት