በለቅሶው ቀን የተረጨው በርበሬ

መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ከቤትህ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለሃይለ ሚካኤል፣

የመተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ላሟም ወልዳለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በሰኔ ለበርበሬው ውል ስንሰበሰብ "አሻራዬን የማላውቀው ሰው ዘንድ አልተውም" ብለህ፣ ገና ሳይነበብ ተነስተህ ወጣህ። ኩርፊያህን ይዘህ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረድህ። እኔ ደግሞ ጅጋ ገበያ በወጣን ቁጥር ነጋዴው እንዳሻው ዋጋ ሲጥልብን ሰልችቶኝ ፈረምሁ። ውሉን ያመጣው ድርጅት ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ በርበሬያችንን ይገዛል፤ እኛም በኮምፖስት ብቻ እናለማለን፣ የትል መድኃኒት አንረጭም። አንዱ ረጭቶ ቢደብቅና ቢገኝበት አብሮን የፈረመው የማኅበርተኛው ሁሉ በርበሬ ይመለሳል። አስቀድሞ ከተናገረ ግን የሱ ማሳ ብቻ ከውሉ ይወጣል።

ሰኞ ጅጋ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ወንድምህ ክንዱ መርጫውን እንዳዘለ ማሳዬ መሃል ቆሟል። ወንፈል ስለሆንን አረሙን ሊያግዘኝ የመጣ መስሎኝ ነበር።

"እታለም፣ ትሉን ጨረስሁልሽ! ከእንግዲህ ተኝተሽ እደሪ" አለኝ ደስ ብሎት።

ውሉ ትዝ አለኝ። አፌ ግን "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። የደከመልኝን ሰው ምን ልበለው?

ከነገ ወዲያ ሜላት የምትባለው የድርጅቱ ባለሙያ ለምርመራ ቅጠል ልትቆርጥ ትመጣለች። ከማን ማሳ እንደምትቆርጥ አይታወቅም። ጎረቤታችን ሀብትነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላትን መሬት በሙሉ በርበሬ አልብሳዋለች። ትናንት አጥሩ ጋ ቆማ "ዘንድሮስ የቤቴን ክዳን እቀይራለሁ" ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ዝም ብል ያልፍ ይሆናል። ባያልፍስ?

ዛሬ ክንዱን መድኃኒቱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። እንደማፈር አለና "ወንድምጋሼ ነው የላከልኝ። ትል ገብቷል ብዬ ብነግረው፣ ሳትነግራት ርጭላት አለኝ" አለ።

ሃይሌ፣ ውሉ ሲነበብ አልነበርህም። መድኃኒት መከልከሉን አልሰማህም። አልሰማህም፣ አይደል? ተኳርፈንም አስቦልኝ ነው ብዬ ልያዘው። ሌላውን ማሰብ ከምርመራው ይብስ ያስፈራኛል።

ነገ ጠዋት ማኅበርተኛውን ሰብስቤ ማሳዬ ተረጭቷል እላለሁ። የኔ ይውጣ፣ የሀብትነሽ ይትረፍ። ማን ረጨው ካሉኝ "እኔ" እላለሁ። ያንተ ስም ከአፌ አይወጣም።

ቅዱስ ሚካኤል በዚያ በረሃ በክንፉ ይጋርድህ፣ ከወባውም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። ሥራው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ቤትህ ና። በደብዳቤ ልጠይቅህ የማልደፍረው ነገር አለኝ።

ባለቤትህ ተናኜ