የሊፍት ጠጋኙ የሕይወት ታሪክ፣ አንድም ዓመት ሳይቀነስ

ለሐዘን ለተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ አስቀድሞ አንድ ታላቅ ጉዳይ ይገለጻል፦ የሟቹ የቀድሞ መሥሪያ ቤት የላከው የአበባ ጉንጉን ዛሬ ጠዋት ከሰባተኛ ፎቅ ወደ ምድር የወረደው በሊፍት ነው። አበባው በጉዞው ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም። አጅበውት የወረዱት አራት የሥራ ኃላፊዎችም በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ፤ አንዳቸውም አላለከለኩም፣ አንዳቸውም ጉልበታቸውን አልያዙም። ይህ ለምን በቀብር ላይ እንደሚነገር ግራ የገባው ሰው ካለ ጥቂት ይታገሥ።

ሟቹ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው የአባታቸውን የስፌት መኪና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትተው መልሰው ገጠሙት። መኪናው ሠራ፤ አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። አባታቸው ብሎኗን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ይቺ ከየት መጣች? ለምንስ ነካካኸው?» ብለው ቢያፋጥጧቸው ልጁ አፋቸውን ዘግተው ቆሙ። ቢቆነጠጡም አልተናገሩም። ይህ ጠባይ አብሯቸው አደገ።

ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ልባቸው የተመኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት መግባት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ግን፣ «ከዚህ ቤት እጁን ግሪስ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ሰው አይወጣም» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። እናም በአስተዳደር ተመረቁ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከላይ በተጠቀሰው መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ከፎቅ ፎቅ እያደጉ በመጨረሻ ሰባተኛው ላይ ደረሱ፤ የጠቅላላ አገልግሎት ዳይሬክተር ሆኑ። ባለ ጎማ የቆዳ ወንበር፣ ሁለት መስኮትና ሦስት ማኅተም ተሰጣቸው።

በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው የሕንጻው ሊፍት ቆመ።

ሊፍት ማስጠገን የእሳቸው ክፍል ሥራ ነበር። ሠሩትም፤ ማለት ደብዳቤ ጻፉ። ግዥ ክፍል የፋይናንስን አስተያየት ጠየቀ፤ ፋይናንስ የሕግ ክፍልን ጠየቀ፤ የሕግ ክፍል ደግሞ ጉዳዩ የጠቅላላ አገልግሎት ነው ብሎ ወደ እሳቸው መለሰው። ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ስብሰባ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተጠራ፤ አባላቱ ሊፍት ስለሌለ መውጣት ስላቃታቸው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀረ። ይህም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። የሚሳቅ ከሆነ እዚህ ላይ ይሳቅ፤ ከዚህ በኋላ ቦታ የለውም። እንዲህ እየተባለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዘጠኝ ዓመት! ሟቹ በነዚህ ዓመታት አርባ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁሉም ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ግልባጭ ያላቸው ናቸው፤ አንዱም ስህተት የለበትም።

ምድር ቤት፣ ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያዎች መሀል፣ ሁሉም «እማማ ፋይል» የሚሏቸው ሴት ይሠሩ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ግራ ጉልበታቸው አብጧል። በደንቡ መሠረት ፋይል ከመዝገብ ቤት የሚወጣው በእሳቸው እጅ፣ በፊርማ ብቻ ነው። ሟቹ አርባ አንደኛውን ደብዳቤ ሊጽፉ ሲቀመጡ የሊፍቱን ፋይል በስልክ አዘዙ።

«ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ባመጣውስ? ጉልበቴ ዛሬ እንቢ ብሎኛል» አሏቸው።

«አስቸኳይ ነው፤ ዛሬ መውጣት ያለበት ደብዳቤ ነው» አሉ ሟቹ።

እማማ ፋይል በአምስተኛውና በስድስተኛው ፎቅ መሀል ካለው መታጠፊያ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ያወረዷቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ ቃሬዛ ስላልነበረ በዳይሬክተሩ ባለ ጎማ ወንበር ላይ አስረው፣ አምስት ፎቅ ሙሉ፣ እሳቸው በየደረጃው እየጮሁ። ሟቹ ወደ ላይ ሲመለሱ የፋይሉ ወረቀት ከደረጃ ደረጃ ተበትኖ ቆያቸው። አንድ በአንድ ለቀሙት። በእያንዳንዱ ግርጌ ያለው ፊርማ የራሳቸው ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አርባውንም አነበቡ፤ አላፊ አግዳሚው «ይቅርታ» እያለ ዘሏቸው ያልፍ ነበር።

በማግስቱ ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ አስገቡ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።» መሥሪያ ቤቱ ምክንያት ስላልተገለጸበት ያልተሟላ ነው ሲል መለሰላቸው። ዘጠኝ ዓመት ሊፍት ላላሠራ ቤት፣ ለዚህኛው መልስ ለመስጠት አንድ ቀን በቅቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከዚህ ወረቀት ላይ ለማስቀረት ብዙ ተደክሟል። ዘመድ «ለቀቀው» አለ፤ ሥራውን ማለቱ አልነበረም፣ አእምሮውን እንጂ። «በዚህ ዕድሜ ወንድ አንዳንዴ ይነካዋል» ያሉም ነበሩ፤ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድማቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሙ፣ «ምኑም አልታመመም» ሲል ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ባለቤታቸውም ቢሆኑ ተቆጥተዋል፤ መቆጣታቸውም ልክ ነበር። «አስራ ሰባት ዓመት አብሬህ ኖሬ እኔን ሳታማክር? ምክንያቱን እንኳን ንገረኝ እንጂ!» አሉ። ያን ክረምት ባልና ሚስት የተነጋገሩት ስለ ቧንቧና ስለ ልጆቹ ፈተና ብቻ ነው።

ሟቹ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ሰማያዊ ቱታ ለብሰው የሊፍት ጥገና ሠልጣኝ ሆኑ። አለቃቸው የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር። «ጋሽ ዳይሬክተር፣ አስራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ያቀብሉኝ፤ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ካላሉ» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ግልባጩን ለማን ላድርገው?» ይላሉ። የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሁለቱም ይስቃሉ። የመጀመሪያውን ዓመት አውራ ጣታቸውን ሁለቴ ቀጠቀጡ፤ መነጽር ቀየሩ፤ ስማቸው ያልተጻፈበት ሥራ መሥራትን ለመዱ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ያ መሥሪያ ቤት ሊፍቱን ለማስጠገን ጨረታ አወጣ፤ ሟቹ የሚሠሩበት የጥገና ድርጅት አሸነፈ። ሟቹ የዕቃ ሳጥናቸውን ተሸክመው ሲደርሱ፣ ድሮ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣቸው የነበረው ዘበኛ ቱታውን አይቶ፣ «ሠራተኛ በጓሮ በኩል ነው» አላቸው። በጓሮ ገቡ። አስራ ሁለት ዓመት የቆመው ሊፍት ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? በሩ መዘጋቱን ለሞተሩ የምትነግር፣ ጥፍር የምታህል መዳብ ዝጋ ነበር። ቀየሯት። ኬብሉን፣ ፍሬኑን ፈትሸው፣ አቧራውን ጠርገው ሲጨርሱ ገና አልመሸም ነበር። አንዲት ከሰዓት በኋላ።

መሥሪያ ቤቱ ሪባን ቆረጠ። ኮሚቴው «ላሳየው ያላሰለሰ ጥረት» ተመሰገነ፤ አጨበጨቡለት። ሟቹ ያን ጊዜ ጣሪያው ሥር ካለው የሞተር ክፍል ሆነው ገመዱ ሲሽከረከር እያዩ ነበር።

በሳምንቱ በሁለት ክራንች የሚሄዱትን እማማ ፋይልን ከቤታቸው አምጥተው ሊፍቱ ውስጥ አስገቧቸው። ሰባትን ተጫኑ። ሴትየዋ ቁጥሮቹ ሲበሩ ተመለከቱ። ሰባተኛው ላይ በሩ ሲከፈት አልወጡም። ወደ ሟቹ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሏቸው።

«አርፍደሃል።»

«አዎ» አሉ ሟቹ። የምድሩን ቁልፍ ተጭነው ይዘዋቸው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ በነበሯቸው ዘጠኝ ዓመታት ስልሳ ሦስት ሊፍት አስነሥተዋል፤ አንዱንም ለነገ አላሉም። ባለቤታቸው «ቱታህን ከኔ ልብስ ጋር እንዳታጥበው» ማለታቸውን እስከ መጨረሻው አልተዉም፤ ግን ስልክ ሲደወል የዕቃ ሳጥኑን በር ላይ የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ።

ሟቹ በደረሰባቸው የጨጓራ ካንሰር ስምንት ወር ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አራተኛ ፎቅ ከተኙበት አልጋ ላይ ሆነው የሆስፒታሉን ሊፍት እያዳመጡ፣ «የበሩ ጎማ አልቋል፤ ንገሯቸው» ይሉ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ዐረፉ። ጎማው እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

ለዚህ ቀብር ሌላ የሕይወት ታሪክ ተዘጋጅቶ ነበር። ታላቅ ወንድማቸውና መሥሪያ ቤቱ ተመካክረው የጻፉት ሲሆን፣ «ለሃያ ሦስት ዓመታት በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለው በጤና ምክንያት ከሥራ ተገለሉ» ብሎ ያበቃል። መምህርቷ ባለቤታቸው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። «አስራ ሁለት ዓመቱ የት ገባ? ባሌን ከነቱታው ነው የምቀብረው» አሉ። ስለዚህ አበባው ላይ «ለቀድሞው ዳይሬክተር» የሚለውን ጥብጣብ የምታዩ ሰዎች፣ አበባው ለሌላ ሰው የመጣ መሆኑን ዕወቁልን።

ሟቹ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ከፍ ያድርጋት፤ በደረጃም አያድክማት።

ዛሬም «ዳይሬክተርነቱን ለምን ተዉት?» እያላችሁ ባለቤታቸውን የምታስጨንቁ አላችሁ። እሳቸውም አልተነገራቸውም። ታላቅ ወንድማቸው ባለፈው እሑድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «እንግዲህ አሁን እንኳን ንገረኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ብለው ነበር። ሟቹ ፊታቸውን ከሊፍቱ በር ድምፅ መለስ አድርገው ወንድማቸውን ተመለከቱ።

«አላስረዳም» አሉ።