የዶክተር ላቪኒያ እምብርት

ሎሴ ወዳጄ፣ ከሱቫ ሆስፒታል እንደምን አለሽ። አለቃችን ሴሚሲ፣ ማህፀን ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ሲታከም ሆድን በመርፌ ወግቶ አየር መንፋት ይሻላል ወይስ እምብርት ሥር በቢላ ከፍቶ መግባት፣ አይተሽ ንገሪኝ ብሎ አይደል የላከኝ። እዚህ ሁለት ሐኪሞች ሻይ በጠጡ ቁጥር በዚሁ ይነካከሳሉ።

ላቪኒያ የመርፌ ሰው ናት። «አንተ የምትከፍተው እምብርት ነው የሱቅ በር?» ትለዋለች ዳርመንድን።

«እኔ እያየሁ ነው የምገባው፤ አንቺ ወግተሽ ጸሎት ትጀምሪያለሽ።»

እኛ ደሴታችን ቫቫኡ ላይ ክርክር የለብንም፤ ከጀርም ማምከኛው ንጹሕ ሆኖ በወጣው መሣሪያ እንገባለን።

ትናንት ላቪኒያ ራሷ ጠረጴዛው ላይ ተኛች፤ ኦቫሪዋ ላይ እጢ ወጥቶባት። አውስትራሊያ ሄደሽ ታከሚ ቢሏት እምቢ ብላ ዳርመንድን መረጠች። ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ጎንበስ ብሎ፣ «በየትኛው ልግባ?» አላት። በመርፌ እንደምትለው እርግጠኛ ስለነበርን ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

«እጅህ በለመደው» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

እጢው በደህና ወጣላት። ስትነቃ መጀመሪያ አንሶላውን ገልጣ እምብርቷን አየች።

«ብዬህ ነበር፤ የሱቅ በር ነው።»

«ዘግቼዋለሁ» አላት። ከዚያ ወጥቶ ኮሪደሩ ወለል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ይኼን በጠርዙ ዙሪያ ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም። ለሴሚሲ ላቪኒያ «እጅህ በለመደው» ያለችውን ንገሪው፤ ከዚያ የተሻለ መልስ እዚህም የላቸውም።

ፊፊታ