አልፈለፈል ያለው እንቁላል

አርብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017

ዶሮዋ ዛሬ ጫጩቶቿን ይዛ ከታቀፈችበት ካርቶን ተነሳች። አንድ ያልተፈለፈለ እንቁላል ትታ ሄደች። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ሲል ከነእንቁላሎቿ ወደዚህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያመጣናት እኔና እማዬ ነን። እማዬ መብረቅ ሲጮህ እንቁላሎቹ እንዳይበላሹ ብላ ከድሮው የቆርቆሮ የግቢ በራችን የነቀለችውን ምስማር ጭዱ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

"ይሄ ሞቷል፣ ጣይው" አለችኝ። አላስችል ብሎኝ ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ጫጩቱ በሕይወት ካለ እንቁላሉ ውሃው ላይ ይወዛወዛል። ይሄኛው ንቅንቅ አላለም። በስልኬ መብራት አየሁት። ውስጡ ድፍን ጥቁር ነው፤ የደም ሥር የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በቃ፣ ልጥለው ተነሳሁ።

ያኔ ከውስጡ አንኳኳ። ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያ ዝም። ጫጩት ሊወጣ ሲል ቅርፊቱን እንደሚመታ አውቃለሁ። እንዲህ ግን አይመታም። ይሄ አንኳኩቶ የሚጠብቅ ነው። ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፤ ደገመው።

እማዬ ከመኝታ ቤት ተጣራች።

"ኧረ በሩን ክፈቺላቸው፣ ዝናብ እየመታቸው ነው።"

"የቱን በር?"

"የግቢውን ነዋ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ አትሰሚም?"

እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ግቢም የቆርቆሮ በርም የለንም። እንቁላሉን ምስማሩ አጠገብ መለስኩት። ይሄን ስጽፍም አላቋረጠም። እማዬ ጃንጥላዋን ይዛ ጫማዋን እየፈለገች ነው።