ፀጉር አብቅለሃል ተብሎ ስለተቀጣ ፊኛ

ለድርጅታችን የሕክምና ወጪ አጣሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢና የንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይም የውሃ ሽንትዎን እንደ ልብ መውረድ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ሰው ለሰው ሲመኝ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን ከጥቂት ጊዜ በፊት ለማንም አልተመኘሁትም ነበር።

እኔ የድርጅቱ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። አሁን የምጽፍልዎ በዋናው በር ጥበቃ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሩ ከሚነቃነቅ ወንበር ላይ፣ የሽንት ከረጢት ጭኔ ላይ ታስሮልኝ ነው። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ውለታዎን ብቻዬን ተሸክሜው ስለከበደኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት ፕሮስቴት ዕጢዬ አብጦ የሽንት መንገዴን አንቆ ያዘው። መንገድ ላይ በየደረስኩበት መቆም ግድ ሆነብኝ፤ ረዳቴም ገመናዬን ሊሸፍን ተሳፋሪውን ጎማ ሊታይ ነው እያለ ያታልልልኝ ነበር። ጎማው ከመታየቱ ብዛት የተነሳ አንዲት ተሳፋሪ እናት፣ ልጄ፣ ይህን ያህል ካላመንከው ለምን በእግራችን አንሄድም እስከማለት ደረሱ። የሽንት ሐኪሜ ዕጢውን የሚያሳብጠውን የወንድ ሆርሞን የሚያግድ ፊናስተራይድ የሚባል ኪኒን ያዘዙልኝ ይኼኔ ነው፤ ሥራው አዝጋሚ ስለሆነ ለወራት እንዳላቋርጠው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ኮሚቴው ይኸው ኪኒን በትንሽ መጠን ለራሰ በራ ወንዶች እንደሚታዘዝ ከየት እንደሆነ ሰምቶ፣ የእኔንም ከውበት መጠበቂያ ጋር ስለመደበልኝ አመሰግናለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ዶሮዋ ግን ቢያንስ ያነቀችው ራሷን ነው።

፪. በሐኪሙ ልመና ኪኒኑን ስትፈቅዱልኝ፣ በዚህ ምክንያት በራሴ ላይ ምንም ዓይነት ፀጉር እንደማላበቅል ስላስፈረማችሁኝ አመሰግናለሁ። መላጣዬ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ፣ ባለቤቴም አይታው ያገባችኝ ነው። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ስለመሰለኝ ሳላቅማማ ፈረምኩ። ችግሩ፣ መላጣዬ አልፈረመም።

፫. ኪኒኑ ሠራ፤ መንገዴ ተከፈተ፤ ረዳቴም ጎማውን ረሳው። ከእነዚህ ደጋግ ወራት በኋላ ለምርመራ ስትጠሩኝ፣ ባለቤቴ እነዚህን ሰዎች አላምናቸውም፣ ና ልላጭህ ብላ ነበር፤ እኔ ግን ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል ብዬ ሄድኩ። ክቡርነትዎ መስኮቱ አጠገብ አስጎነበሱኝ። የአስተዳደር ኃላፊዋ በስልካቸው አበሩልኝ፤ የጋራዡ ኃላፊ ቀለም መድረቁን እንደሚያይ ሰው በአውራ ጣታቸው ዳበሱኝ። ከግንባሬ በላይ የጫጩት ላባ የሚመስል ነገር ሲገኝ፣ ክቡርነትዎ ከአንዱ ጆሮዎ ተነስቶ መላጣዎን አቋርጦ ሌላው ጆሮዎ ድረስ የሚዘልቀውን ፀጉርዎን በመዳፍዎ ደጋግመው አስተኙ። የዚያን መዳፍ ትርጉም የገባኝ ውሳኔው ሲደርሰኝ ነው፤ ሠራተኛው መድኃኒቱን ለውበት ስለተጠቀመበት ይቋረጥ፣ መላጣው ወደ ቀድሞው ይዞታ ሲመለስ እንደገና ማመልከት ይችላል ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ከኪሴ ልገዛው ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ዋጋው ከልጆቼ አፍ የሚነጥቅ ሆኖ ተውኩት።

፬. ይህኛውን በቀልድ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ኪኒኑ ከተቋረጠ በኋላ አንድ ቀን፣ ሙሉ ተሳፋሪ ጭኜ ስሄድ ሽንቴ ጨርሶ ተዘጋ። ላብ ዓይኔን እየጋረደኝ፣ መሪውን በሁለት እጄ ሙጥኝ ብዬ፣ አውቶቡሱን ከነሰው አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ አቆምኩት። ስወርድ መቆም አቅቶኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተሳፋሪዎቹ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ድርጅቱ ለመንገደኞች ደኅንነት ሲባል በማለት መሪዬን ነጠቀኝ፤ ስለ መንገደኞች ደኅንነት ኪኒኑን ስትከለክሉኝ ማንም አላስታወሰም።

ሐኪሙ ኪኒኑን ዛሬ ነገ ሳልል ከጀመርኩ በዚያ ቀን ፊኛዬ ውስጥ የገባልኝን ቱቦ ነቅለው በራሴ መሽናቴን እንደሚሞክሩልኝ፣ ካልሆነ ግን የቀዶ ሕክምና ቢላ እንደሚጠብቀኝ ነግረውኛል። አውቶቡሴም በቅርቡ ለሌላ ሹፌር በቋሚነት ይሰጣል። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ሥራ መንዳት ብቻ ነው፤ በር መክፈትና መዝጋትማ ነፋስም ይችለዋል። ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ሥር ቆመው ሳይስቁ አንብበው የሚያልፉ ሹፌሮች ካዩ፣ እነሱም ጎማ የሚያዩ መሆናቸውን ይወቁልኝ፤ ፈርተው ነው እንጂ ብቻዬን አይደለሁም።

በሩን በከፈትኩልዎ ቁጥር ጎንበስ የምለው ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለቱቦው መሆኑን እየገለጽኩ፣ ለፀጉርዎም ለፊኛዎም ረጅም ዕድሜ በመመኘት፣

በበሩ ላይ ያስቀመጡኝ ሹፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡርነትዎ በሚመሩት ንብረት ክፍል አሮጌው ዕቃ ሳይመለስ አዲሱ ወጪ አይሆንም። በዚሁ ደንብ መሠረት፣ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት በምላጭ ላጭታ የሰበሰበችው ፀጉሬ ለቢሮዎ በላክሁት ፖስታ ውስጥ ይገኛል። በጣም ጥቂት ስለሆነ ሲከፍቱት አይተንፍሱ። ንብረታችሁን ተረከቡኝና ሽንቴን መልሱልኝ።